«ጠበቀ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ለአንድ ትልቅ ኃላፊ ኢሜይል ጻፍኩ። «መልስዎን እጠብቃለሁ» ማለቴ ነበር። የጻፍኩት ግን «አይ ኤክስፔክት ዩር ሪፕላይ ቱዴይ» የሚል ነው። አንዲት ቅዝቅዝ ያለች መስመር መጣችልኝ፤ «ሲደርስ ይላክልሻል» የምትል። ምን አጠፋሁ እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ። ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ አንብባው በሳቅ ፈረሰች። «ዛሬውኑ መልሱልኝ ብለሽ አዘዝሻቸው እኮ!»

ጥፋቱ የ«ጠበቀ» ነው። በር ላይ ቆሜ ጓደኛዬን ጠበቅኩ፤ ይህ «ዌይት» ነው። ከእሱ ይህን አልጠበቅኩም፤ ይህ «ኤክስፔክት»። ሕፃኑን ጠብቂልኝ፤ «ሉክ አፍተር»። ድንበር ጠበቀ፤ «ጋርድ»። ቃሉን ጠበቀ፤ «ኪፕ»። እኛ በአንድ ግሥ የምንጨርሰውን እንግሊዝኛ ለአምስት አከፋፍሎታል።

«ዌይት» ጊዜ ማሳለፍ ነው። ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ሰዓት ታያላችሁ። «ኤክስፔክት» ግን ሐሳብ ነው፤ ይሆናል ብሎ ማመን። ባቡሩ በሁለት ሰዓት ይመጣል ብላችሁ «ኤክስፔክት» ታደርጋላችሁ፣ ሲዘገይ «ዌይት» ታደርጋላችሁ። ችግሩ «ኤክስፔክት» ከሰው ላይ ሲያርፍ ግዴታ ይሸታል። አለቃ ለሠራተኛ፣ እናት ለልጅ ይሉታል። ለበላይ ሲጻፍ እንደኔ ያስቀጣል። ለደብዳቤ ማሳረጊያ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» በሉና እረፉ።

የሚገርመው፣ ሁለቱም ቃላት ጥንት የኛን «ጠበቀ» ይመስሉ ነበር። «ዌይት» ከሰሜን ፈረንሳይ ዘዬ ሲገባ ነቅቶ መመልከት፣ ዘብ መቆም ማለት ነበር። «ኤክስፔክት» በላቲን ሥሩ ወደ ውጭ መመልከት ነው። ዓይንን መንገድ ላይ ከመጣል ተነስተው ኋላ መንገዳቸው ተለያየ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር አለኝ። የአማርኛውን ግሥ ገጹ መሐል እጽፋለሁ፤ እንግሊዝኛዎቹን ዙሪያውን። እያንዳንዳቸው አጠገብ ከራሴ ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር። ከመጽሐፍ የተቀዳ ምሳሌ በሦስተኛው ቀን ይረሳኛል፣ የራሴ ውርደት ግን አይረሳኝም። ሁለት ግሦች አልለይ ሲሉኝ ደግሞ የምፈትንባቸው ነገሮች አሉ።

ዋናው የ«ግን» ፈተና ነው። በአማርኛ እንጀምር። «ለመንኩት፣ ግን እምቢ አለ» ያስኬዳል። «አሳመንኩት፣ ግን እምቢ አለ» አያስኬድም፤ እምቢ ካለ መች አሳመንሽው? መለመን ሙከራ ነው፣ ማሳመን ውጤት። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። «አይ ስተዲድ ኢት፣ በት አይ ዲድንት ለርን ኢት» ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስንቶቻችን ኖረንበታል። ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት «ስተዲ» ነው፤ ጭንቅላት ውስጥ የቀረው «ለርን»። ስለዚህ ለፈተና ያጠናችሁትን «አይ ለርንድ ፎር ዚ ኤግዛም» አትበሉ። «ፐርስዌድ» ብላችሁ «በት ሂ ሪፊዩዝድ» ብትሉም ያው ነው፤ «ትራይድ ቱ ፐርስዌድ» ካላላችሁት ዓረፍተ ነገሩ ራሱን ይበላል።

«ሉክ» እና «ሲ» በዚሁ ይለያሉ። ዓይናችሁን መላክ «ሉክ»፣ ነገሩ ዓይን ውስጥ መግባቱ «ሲ»። አይቼ አላየሁትም የሚለው ግራ የሚያጋባ አማርኛ በእንግሊዝኛ ጥርት ይላል፤ «አይ ሉክድ በት አይ ዲድንት ሲ ኢት»። «ሊስን» እና «ሂር» ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኛ ለማይታዘዝ ልጅ «አይሰማኝም» እንላለን። አንዲት ዘመዴ ስለ ልጇ ለአስተማሪው «ሂ ዳዝንት ሂር ሚ» አለችው። አስተማሪው ደንግጦ ጆሮውን ሐኪም አይቶት እንደሆነ ጠየቃት። ልጁ እንኳን ጆሮው፣ የብስኩት ፓኮ ሲከፈት ከሦስት ክፍል ወዲያ ይሰማል። «ሂ ዳዝንት ሊስን ቱ ሚ» ነበር የሚባለው።

ሁለተኛው ፈተና ከግሡ ቀጥሎ ማን ይቀመጣል የሚለው ነው፤ ሰው ወይስ ዕቃ? «ሰረቁኝ» ለማለት «ዘይ ስቶል ሚ» ካላችሁ፣ ጆንያ ውስጥ ከተው ወስደዋችኋል ማለት ነው። «ስቲል» የሚከተለው የተወሰደው ዕቃ ነው፤ «ሮብ» የሚከተለው የተዘረፈው ሰው ወይም ባንክ። «ሴይ» እና «ቴል»ም እንደዚያው። «ቴል» ሰው ይፈልጋል፣ «ሴይ» ንግግሩን። «ሂ ሴድ ሚ» ጆሮ ይቧጥጣል። ለተማሪ የተዘጋጀ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይህን በምህጻረ ቃል ያሳያል፤ «ኤስ ቢ» ሰው፣ «ኤስ ቲ ኤች» ነገር። ብዙ ሰው ዘሏት ያልፋል። እኔ ከትርጉሙ በፊት እሷን ነው የማየው።

ሦስተኛው አቅጣጫ ነው። ከእኔ ሲወጣ «ሌንድ»፣ ወደ እኔ ሲገባ «ቦሮው»። እዚህ ላይ እንኳ አማርኛ ይበልጣል። ገንዘብ እንበደራለን፣ ብዕር እንዋሳለን፤ የተበደሩት ይተካል፣ የተዋሱት ራሱ ይመለሳል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ቦሮው» ይላል፣ አለቀ። ሌላው የአቅጣጫ ወጥመድ የኛ «መጣሁ» ነው። ሲጠሩን «መጣሁ» ስንል «አይ አም ካሚንግ» ልክ ነው፤ «ካም» ወደ ሰሚው ይሄዳልና። ከስብሰባ ተነስተን ወደ በሩ እየሄድን «መጣሁ» ስንል ግን «አይ አም ካሚንግ» ካልን ፈረንጁ አፉን ከፍቶ ይቀራል። እየወጣሽ ነው እኮ! እዚያ «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ። መብራት «ኦፕን» አይደረግም፣ «ተርን ኦን» ነው። ስልኬን ቤት ረሳሁት ለማለት ቦታው ከተጠቀሰ «ፎርጎት» ሳይሆን «ሌፍት» ይሻላል። የታመመ ጠየቅኩ ሲባል «ቪዚት» እንጂ «አስክ» አይደለም። «ዲማንድ» ደግሞ ጠረጴዛ መደብደብ ስለሆነ ከኢሜይል ይራቅ።

አሁን የተያያዝኩት «ያዘ»ን ነው። ሁለት ገጽ ሞልቶ አላለቀም፤ «ሆልድ»፣ «ካች»፣ «አሬስት»፣ «ኮንቴን»። ትናንት «ጉንፋን ያዘኝ» ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። በኛ ያዡ ጉንፋኑ ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»፤ ጉንፋኑን የያዝኩት እኔ ነኝ።