ቆጣሪው ሳይታይ ሴራሚክ አይሰበርም

ባለፈው ክረምት የውሃ ቢላችን አበደ። በወር 8 ሜትር ኩብ ገደማ የምንጠቀም ሰዎች 31 መጣብን። በዚያው ሰሞን ከሻወር ቤቱ ጋር የሚዋሰነው የመኝታ ቤት ግድግዳ ቀለሙ ተነፋፍቶ መርገፍ ጀመረ። ሁለቱን ደመርኩና ፍርዱን ራሴ ሰጠሁ፦ «ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ ፈንድቷል።»

ሳኒተሪ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ጠይቄ አንድ ልጅ መጣ። ፈንድቷል አልኩት፤ አመነኝ። መዶሻና መሮ አወጣና ስድስት ሴራሚክ አወረደ። ቧንቧው ደረቅ ነው። «ወደ ታች ይሆናል» ብሎ አራት ጨመረ። እዚያም ደረቅ። ከዚያ ለዕቃ መግዣ ብሎ ቀብድ ተቀበለና «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብሎኝ ሄደ። ስልኩ እስከ ዛሬ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

ሁለተኛውን ሠራተኛ ያመጡልኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሠራተኛው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ገና ከበር «የኔ ልጅ፣ ቆጣሪሽ የት ነው?» አሉኝ። የተሰበረውን ግድግዳ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በማግስቱ ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንደነበሩብኝ ታወቀ። አንዱም ግድግዳ ውስጥ አልነበረም። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ከእሳቸው የተማርኩት ነው።

ምልክት፦ ቢል ጨመረ፣ የሚፈስ ነገር ግን አይታይም

ሮቶ ያለው ቤት ውሃ የሚጠፋበት ቦታ ሦስት ነው። ከቆጣሪ እስከ ሮቶ፣ ሮቶው ራሱ፣ ከሮቶ እስከ ቤት። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መዶሻ ማንሳት ቁማር ነው።

መጀመሪያ ቆጣሪውን እዩ። ሮቶው ሞልቶ የመስመሩ ውሃ ገና ሳይጠፋ፣ ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደውን መዝጊያ ዝጉ። ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የግቢ ቧንቧ ካለም እሱንም። ብዙ ቆጣሪ ላይ ከቁጥሮቹ አጠገብ እንደ ኮከብ ያለች ትንሽ ጥርስ አለች። ሁሉም ተዘግቶ እሷ ከዞረች ውሃ እየሄደ ነው ማለት ነው። ውሃው ገና ሲመጣ ግን አትለኩ። ባዶ ቧንቧ ውስጥ የቆየው አየር ሲገፋ ቆጣሪውን ያዞረዋል፤ ያሳስታችኋል።

ኮከቧ ከዞረች ወይ መሬት ውስጥ ያለው ቧንቧ ያፈሳል፣ ወይ የሮቶው ፍሎተር (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) አልዘጋም። ፍሎተር ሳይዘጋ ሲቀር ውሃው በትርፍ ማስወጫው ይፈሳል። እኛ ሠፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ማን ተነስቶ ያየዋል? ጠዋት ከሮቶው ሥር መሬቱ ከረጠበ ፍሎተሩን አስቀይሩ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ኮከቧ ቀጥ ብላ ከቆመች ደግሞ ወደ ሮቶው ውጡ። ማታ ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ ዝጉና ወደ ቤት የሚወርደውን ክፈቱ። ንጹሕ ዱላ እስከ ታች አስገብታችሁ እርጥበቱ የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ። ሌሊት ማንም ውሃ አይንካ። ጠዋት እንደገና ለኩ። የእኔ ከአንድ ስንዝር በላይ ወርዶ ነበር። ሮቶው አልተሰነጠቀም፤ ስለዚህ ውሃው የሚያልቀው ቤት ውስጥ ነው።

ሰውየው በቀጥታ ወደ ሽንት ቤት ገቡ። «የቀዘቀዘ ቡና አለሽ?» አሉኝ። አንድ ሲኒ የፍላሹ ታንከር ውስጥ ጨመሩና ግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይለቅ አዘዙ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቡናማ ሆነ። አለቀ። ሳይለቀቅ ቀለሙ ወደ ታች ከወረደ ከታንከሩ ሥር ያለው ጎማ አይገጥምም ማለት ነው። (በረካ አይሆንም፣ ይቀጥናል። አቦሉን ለዚህ ሥራ ማውጣት ግን ያሳዝናል።) ጎማው በዕድሜ ይደርቃል፣ ወይም ከውሃው ጋር የመጣ ደለል ሥሩ ይቀመጥና ክፍተት ይፈጥራል። ውሃው በመቀመጫው ጀርባ ሳስቶ ስለሚወርድ ድምፅም የለውም። ማጽዳት፣ ካልሆነ ጎማውን መቀየር፣ ካልሆነም የውስጥ ዕቃውን በሙሉ። ለእኔ ጎማውን መቀየር በቂ ሆነ። በሚቀጥለው ወር ቢሉ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የሚንጠባጠብ ቧንቧንም አትናቁት። በሰከንድ አንድ ጠብታ ብትጥል በቀን ወደ 20 ሊትር ይደርሳል። አንድ ጀሪካን ማለት ነው።

ምልክት፦ ግድግዳ ረጠበ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ እርጥበቱ የሚብሰው መቼ ነው? ሻወር ከተወሰደ በኋላ ብሶ፣ ሁለት ቀን ሳትታጠቡ ስትቀሩ የሚደርቅ ከሆነ የግፊት ቧንቧ (ሁልጊዜ ውሃ ሞልቶት የሚገፋው) አይደለም። ብዙውን ጊዜ ወይ የፍሳሽ ቧንቧው ነው፣ ወይ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መሙያ ተቦርቡሮ ውሃ ያሳልፋል። ሻወር ተወሰደም አልተወሰደም እኩል የሚረጥብ ከሆነ ነው ቧንቧ የሚጠረጠረው። ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ሰውን አይጠብቅም፣ ሌት ተቀን ይገፋል።

የእኔ ቤት ግድግዳ የሚረጥበው ሻወር ሲወሰድ ነበር። የሻወሩ ማዕዘን ላይ መሙያው ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ከፍቷል። አሮጌው ተፍቆ ወጣ፣ እንዲደርቅ ተተወ፣ አዲስ ተሞላ፣ ማዕዘኑ ሲሊኮን ተቀባ። አሥር ሴራሚክ የወረደው ለዚህ ነው።

ምልክት፦ ውሃው ቀጠነ

አንድ ቧንቧ ብቻ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ፍቱ። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ የሚያመጣው ዝገትና አሸዋ እዚያ ይከማቻል። አቼቶ ውስጥ አሳድሩና በጥርስ ብሩሽ እሹት። ቤቱ በሙሉ ከሆነ የሮቶውን ከፍታ እዩ። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ሮቶው ከሻወሩ በ2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ 0.2 ባር ነው፤ ሻወር መቀየር ምንም አያመጣም። ወይ ሮቶው ከፍ ይበል፣ ወይ ፓምፕ ይግባ። የቀጠነው ከጥገና በኋላ ከሆነ ግን የሠራውን ሰው ጥሩት። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ የሚያያዘው 260 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ማሽን ነው። ከመጠን በላይ ከቀለጠና ከተገፋ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ያብጥና ቀዳዳውን ያጠበዋል።

ምልክት፦ ቦይለሩ ያንጠባጥባል

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሰፋው በደህንነት ቫልቩ ጥቂት ጥቂት ይወጣል። በማሞቂያ ሰዓት የሚታይ ጠብታ ጤነኛ ነው። ያቺን ቀዳዳ የሚደፍን ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ከቤት አስወጡት። ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ሳይሞቅም የሚፈስ ከሆነ ግን ቫልቩ ይቀየር። ሮቶው ባዶ ሲሆን ደግሞ ቦይለሩን አጥፉ።

ምልክት፦ ሽታ

ብዙ የማትጠቀሙበት መታጠቢያ ቤት ከሆነ የወለሉ ማፍሰሻ ሲፎን ደርቋል። ሽታውን የሚያግደው እዚያ የሚተኛው ውሃ ነው። አንድ ጆግ ውሃ ድፉበት።

ምልክት፦ ሠራተኛው «ነገ ጠዋት» ብሎ ጠፋ

ምክንያቱ ልጁ ብቻ አይደለም። የዕቃውን ገንዘብ በእጁ ሰጥቼ፣ የእጅ ዋጋውን ሳልነጋገር፣ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ አስጀመርኩት። ሰውየው ግን የዕቃ ዝርዝር ጽፈው ሰጡኝ፦ የፍላሽ ጎማ፣ ቴፍሎን፣ መሙያ፣ አንድ ሲሊኮን። ሱቅ ሄጄ ራሴ ገዛሁ። የእጅ ዋጋው ለብቻው ተቆረጠ፤ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ፣ ግማሹ ከሦስት ቀን በኋላ። የተቀየረውን አሮጌ ጎማ ሳልጠይቃቸው እጄ ላይ አኖሩት።

ለሠራተኛ ስትደውሉም «ቧንቧ ፈንድቷል» አትበሉ። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፦ ግድግዳው ረጥቧል፣ ሻወር ሲወሰድ ይብሳል፣ ቢል ጨምሯል። ምክንያቱን እሱ ይፈልግ። የግድ ግድግዳ የሚከፈት ከሆነም ከመደፈኑ በፊት ውሃው ተለቆ አንድ ሌሊት ይደር። ቧንቧው የት የት እንደሚያልፍ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ በኋላ መስታወት ለመስቀል ስትበሱ ይጠቅማችኋል።

ቆጣሪው ራሱ ወይም ከእሱ ወደ መንገድ ያለው መስመር የሚያፈስ ከሆነ ማንንም የግል ሠራተኛ አታስነኩ። ያ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥራ ነው። ማሸጊያው ተነክቶ ከተገኘ ጥያቄው ወደ እናንተ ይዞራል። ፎቶ አንሱና ለቅርንጫፉ አመልክቱ።