ደንገጎ ዳገት ላይ የሚሞቅ ቶዮታ ዲኤክስ፦ መፍትሔው

ድሬዳዋ ውስጥ የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ ነው፤ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ከጭነት መኪና ኋላ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ ግን ቀዩን ይነካል። የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ደህና ነበር፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የለም፣ ዘይቱም አልነጣም። የጎደለው በራዲያተሩ የሚያልፍ አየር ነው።

ባለ ሁለት ረድፍ የአሉሚኒየም ራዲያተርና 12 ኢንች የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ገጠምኩለት። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ቬንትሌተሩን ከራዲያተሩ ሙሉ ገጽ ጋር የሚያገናኘው ርካሹ የቆርቆሮ መከለያ ነው፤ ያለ እሱ ቬንትሌተሩ አየር የሚስበው በራሱ ክብ ልክ ብቻ ነው፣ ማዕዘኖቹ ሥራ ይፈታሉ። መስመሩ በፊውዝና በ30 አምፔር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ከባትሪ ይምጣ፤ በማብሪያ ብቻ ከሄደ ማብሪያው ይቀልጣል። ሽቦው ከተገለበጠ አየሩን ወደ ፊት ይገፋል፤ ራዲያተሩ ፊት ያስጠጉት ወረቀት መለጠፍ አለበት።

የራዲያተሩ ክዳን 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ነው። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን ሌላውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

«ቆላ ስለሆነ ቴርሞስታቱን አውጣው» የሚሉትን አይስሙ፤ ቴርሞስታት ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍት በር ነው፤ የ82 ዲግሪውን ይግጠሙ። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል። የድሬን የቧንቧ ውሃ ግን ተዉት፤ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረውን ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩም ውስጥ ይጋግራል።