ዓሣ በማጥመድ ላይ ላለ ጀልባ እንዴት መንገድ ይለቀቃል?

ባሕር ላይ ቅድሚያ የሚያሰጠው ውኃ ውስጥ ያለው መረብ ነው። መረቡን ሰብስቦ ወደ ወደብ የሚመለስ አጥማጅ እንደ ማንኛውም የሞተር ጀልባ ይቆጠራል። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ ቅድሚያ የሚሰጠው እንደ ልብ መዞር የሚከለክል መረብ ወይም የመንጠቆ ገመድ ለዘረጋ ነው።

1. መጀመሪያ እያጠመደ መሆኑን ይለዩ። ቀን ከሆነ ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት ጥቁር ሾጣጣ ምልክቶች ይሰቅላል። ማታ አረንጓዴ ከላይ፣ ነጭ ከታች ካዩ መረብ እየጎተተ ነው፤ ቀይ ከላይ፣ ነጭ ከታች ከሆነ በሌላ መንገድ እያጠመደ ነው። ቀይ ያበራው ጀልባ ገመዱን ከ150 ሜትር በላይ ከዘረጋ፣ በዘረጋበት በኩል ሌላ ነጭ መብራት ይጨምራል። ይቺን መብራት አጥብቀው ይፈልጉ፤ በእሷ በኩል ማለፍ የሰውየውን ገመድ ፕሮፔለር ላይ መጠቅለል ነው። ትንንሽ ጀልባዎች ይህን ሁሉ መብራት ላይሰቅሉ ስለሚችሉ፣ ለመረብ ምልክት ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ጀሪካንም ይቃኙ።

2. ጀልባው ከእርስዎ በየት አቅጣጫ እንዳለ በኮምፓስ ደጋግመው ይለኩ። ርቀቱ እየጠበበ ይህ አቅጣጫ ካልተለወጠ መጋጨታችሁ ነው።

3. ሞተርም ይሁን ሸራ፣ መንገድ የሚለቁት እርስዎ ነዎት። በጊዜ፣ ደግሞም በሰፊው ይታጠፉ። በትንሽ በትንሹ መዞር ለአጥማጁ አይታየውም፤ እሱ ደግሞ ሐሳቡ መረቡ ላይ ነው። በሞተር የሚሄዱ ከሆነ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ አንድ አጭር ጡሩምባ ያሰሙ። መረብ ጎታች ከሆነ ከኋላው ርቀው ይለፉ፣ መረቡ ያለው እዚያ ነውና።

ጠባብ መተላለፊያና እንደ ባብ ኤል መንደብ ባለ፣ መሄጃና መመለሻው በተለየ የመርከብ መስመር ላይ ግን አጥማጁ መንገድ መዝጋት አይፈቀድለትም። ቢሆንም ዘጋብኝ ብሎ መግፋት የለም፤ የመጋጨት አደጋ ካለ መራቅ ግዴታዎ ነው። ከኋላ ደርሶ የሚቀድም ማንም ይሁን ማን፣ አጥማጅም ቢሆን፣ የሚለቀው እሱ ነው። በጭጋግ እርስ በርስ ካልተያዩ ለአንዱ የተለየ ቅድሚያ የለም፤ ፍጥነት ይቀንሱ። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ጡሩምባ ከሰሙ ምናልባት አጥማጅ ነው።

ደንቡ የተጻፈው ለባሕርና ከባሕር ጋር ለተያያዘ ውኃ ነው። በጣና ሐይቅ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጀልባ የሚነዳ ሰው ግን ይህንኑ ልማድ ይያዝ። የደንገል ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም፤ ሞተሩ የሚያስነሳው ማዕበል በቀጥታ ይገባበታል። ከሩቁ ሞተሩን ይቀንሱ። መረቡ የት እንዳለ ካልታየዎት ቀዛፊውን ጮክ ብለው ይጠይቁት፤ በመቅዘፊያው ይጠቁምዎታል።