የራልፍንና የፒጊን ጓደኝነት በንባብ ክበብ እንዴት መወያየት ይቻላል

የዊልያም ጎልዲንግ «ሎርድ ኦፍ ዘ ፍላይስ» በ1954 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ሰው በሌለበት ደሴት ያለ አዋቂ የቀሩ እንግሊዛውያን ልጆች ታሪክ ነው። አብዛኛው ክበብ «ሰው በተፈጥሮው ክፉ ነው?» ብሎ ይጀምርና እዚያው ሲዳክር ሰዓቱ ያልቃል። በሁለቱ ልጆች፣ አለቃ ሆኖ በተመረጠው በራልፍና በመካሪው በባለመነጽሩ በፒጊ በኩል መግባት ይሻላል።

ከ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ባሕር ዳር ጣና ዳር ጥላ ሥር የምትቀመጡ ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ወረቀት ይበትናል፣ ድምፅም ይውጣል። ክረምት ከሆነ ቤት ውስጥ። በልብ ወለዱ የዛጎሉን ቀንድ የያዘ ልጅ ብቻ ነው የሚናገረው፤ እናንተም ቅል አዙሩ። ማይክራፎን አያስፈልግም፣ ሰውን ንግግር አድራጊ ያደርገዋል።

መጽሐፉ 12 ምዕራፍ አለው። ሁሉንም ለማንሳት አትሞክሩ፤ ከ1፣ 4፣ 5፣ 10 እና 11 አንዳንድ ትዕይንት፣ ከዚያ የመጨረሻው ገጽ ይበቃሉ። አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ባጭሩ በአማርኛ ያስረዳ።

ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ ፒጊ ለራልፍ የሰጠውን በአንድ በኩል፣ ራልፍ ለፒጊ የሰጠውን በሌላ በኩል ጻፉ። የፒጊ በኩል ቶሎ ይሞላል፦ ዛጎሉ እንዴት እንደሚነፋ ያስረዳው እሱ ነው፣ እሳቱ የሚነደው በመነጽሩ ነው፣ ምክሩም አያልቅም። (ፒጊ የቅርብ ብቻ ነው የሚያየው፤ የእንዲህ ያለ ሰው መነጽር ደግሞ ብርሃን ስለሚበትን እሳት አያስነሳም፤ ይህን የሚያነሳ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ደራሲው ተሳስቷል ብላችሁ እለፉ።) የራልፍ በኩል ግን ባዶ ሊቀር ይደርሳል። ምዕራፍ 1 ላይ ፒጊ እንዳይነገርበት የለመነውን ይህንኑ «ፒጊ» (አሳማ) የሚል ቅጽል ስም በሁሉ ፊት አውጥቶ አሳቀበት። ምዕራፍ 4 ላይ የአዳኞቹ መሪና የራልፍ ተቀናቃኝ ጃክ ፒጊን መትቶት አንዱ የመነጽሩ መስታወት ሲሰበር፣ መነጽሩን አንስቶ የሰጠውም ሥጋውን ያካፈለውም ሲሞን የሚባል ሌላ ልጅ ነው። ጃክ የፒጊን አነጋገር ሲያስመስል ራልፍ ሳቁ ያመልጠዋል፣ በራሱም ይናደዳል። ያቺን ንዴት መዝግቡ፤ ጓደኝነቱ የሚጀምረው እዚያ ነው ባይ ነኝ። ምዕራፍ 5 ላይ ፒጊ ራልፍን አለቅነቱን እንዳይተው ይለምነዋል፤ ምክንያቱ ግን ጃክ አለቃ ከሆነ እኔን አይምረኝም የሚል ፍርሃትም ነው። ታማኝነትና ራስን ማዳን ተቀላቅለዋል፤ ለመለየት አትቸኩሉ።

አስቸጋሪው ምዕራፍ 10 ነው። ልጆቹ በጭፈራ መካከል ሲሞንን በገደሉ ማግስት ራልፍ ግድያ ነው ይላል፤ ፒጊ ድንገተኛ አደጋ ነው፣ ጨለማ ነበር፣ እኛ ከዳር ነበርን ይላል። መንትዮቹ ሳምና ኤሪክ ሲመጡ አራቱም ከጭፈራው ቀድመን ሄደናል ብለው ይዋሻሉ። ብዙ ውይይት የሚበላሸው እዚህ ነው። እስከዚህ ድረስ ፒጊን የወደደ ተሳታፊ ይደነግጥና ወይ ዝም ይላል፣ ወይ «ውሸታም» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው የሽምግልና ልማዳችን ነው፦ አንዱ ይነሳና «ሁለቱም እውነት አላቸው» ብሎ ያስታርቃቸዋል፣ ጥያቄው ሳይመለስ ያልቃል። መፍትሔው ከምዕራፍ 9 መጨረሻ ሁለቱም ወደ ጭፈራው ክብ የገቡበትን ማንበብ ነው። ከዚያ ንግግራቸውን ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ መጀመሪያ የራልፍን ብቻ፣ ቀጥሎ የፒጊን። ጥያቄውም በተራ ይሁን፦ ማን ምን አየ? ፒጊ የሚከላከለው ራሱን ነው ወይስ ራልፍን? «ልክ ነበር?» መጨረሻ ላይ ይምጣ። ቀድሞ ከመጣ ሌሎቹን ይገድላቸዋል።

ምዕራፍ 11ን ሳታቋርጡ አንብቡ። መነጽሩን በጃክ ወገን የተዘረፈው ፒጊ አጥርቶ ሳያይ ዛጎሉን ይዞ መብቱን ሊጠይቅ ወደ ጃክ ይሄዳል፣ ራልፍም አብሮት። የጃክ ተከታይ ሮጀር የለቀቀው ቋጥኝ ፒጊንም ዛጎሉንም ይወስዳል። ያነበበው ሰው ወዲያው ጥያቄ አያንሳ።

በመጨረሻው ገጽ ራልፍ ለእውነተኛና ብልህ ወዳጁ ያለቅሳል፤ የሚጠራው ግን በዚያው ቅጽል ስም ነው፣ እውነተኛ ስሙ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። እያንዳንዱ ሰው ራልፍ ስሙን ሊጠይቅ ይችል የነበረበትን አንድ ገጽ ገልጦ ያሳይ።

ሰዓት ካጠረ ምዕራፍ 5ን ዝለሉ፤ 10ን አትንኩ።