ባንዱ ደሴ መጣ ብላችሁ ከመሮጣችሁ በፊት፦ እኔ የሰራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

ስሙኝማ፣ እኛ ደሴዎች ኮንሰርት ሲባል ሁለት ነገር ነው ሚመጣልን፣ ወይ ስታዲየም ሙሉ ሰው ወይ ሰርግ። መሃል ላይ ያለው፣ ማለቴ መቶ ምናምን ሰው ሚይዝ የሆቴል አዳራሽ ወይ ላውንጅ ውስጥ ተቀምጦ የሚወዱትን ባንድ ከሶስት ሜትር ላይ ማየት፣ እሱን ገና አልለመድነውም። በዓመት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ነው ሚገጥመን፣ ሲገጥመን ደግሞ አንዱ ስታዲየም የሄደ ይመስለዋል፣ ሌላው የአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ ያለ ይመስለዋል፣ እና ነገሩ ይበላሻል። ትንሽ ቤት ውስጥ ባንዱም እናንተን ያያል፣ ይሰማል፣ ያዛጋችሁትን ሁሉ ያውቃል። ከዚህ በታች የምጽፈውን በሙሉ ማለት ይቻላል ራሴ አድርጌዋለሁ፣ ስለዚህ ማንንም እየሰደብኩ አይደለም። የባንዱን ስም አልጠራም፣ ከጠራሁ ኮሜንቱ ሁሉ ስለነሱ ይሆንና ጉዳዬ ይጠፋል።

መጀመሪያ ሰዓት። ፖስተሩ 2 ሰዓት ይላል፣ እኛ ደግሞ ፖስተር ስናነብ ሁለት ሰዓት መደመር ልማዳችን ነው፣ እና በ4 ሰዓት ጎምለል እያልን እንመጣለን። እኔ እንደዛ አድርጌ ፒያሳ አካባቢ አንድ አዳራሽ በር ላይ ስደርስ በረኛው ቲኬቴን እያየ "ሞልቷል ወንድሜ" አለኝ። እንዴት ይሞላል ከፍያለሁ እኮ ስለው "እሱማ ሁሉም ከፍሏል" አለኝ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ገባሁና የሽንት ቤቱ በር አጠገብ ቆሜ አመሸሁ፣ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር በሩ ትከሻዬን እየመታኝ። አሁን ምን አደርጋለሁ መሰላችሁ፣ ፖስተሩ ላይ ያለው ስልክ ላይ እደውልና "ስንት ሰዓት ይጀምራል" ሳይሆን "ባንዱ ራሱ ስንት ሰዓት ነው መድረክ ሚወጣው፣ ከነሱ በፊትስ ማነው ሚሰራው" ብዬ እጠይቃለሁ። ከነሱ በፊት ሚሰራው ብዙ ጊዜ የኛው ሰፈር ልጅ ነው፣ ማሲንቆ ወይ ክራር ይዞ፣ እና እሱን ባዶ ወንበር ፊት ማስዘፈን ግፍ ነው። ደግሞ ትንሽ ምስጢር ልንገራችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ግድም ሳውንድ ቼክ፣ ማለቴ የድምፅ ሙከራ፣ ይኖራል፣ አዳራሹ ሆቴል ውስጥ ከሆነ በረንዳው ላይ አንድ ማኪያቶ አዝዛችሁ ቁጭ በሉ። አንዴ የምወደውን ዘፈን መግቢያ አስራ አንድ ጊዜ ሲደጋግሙት ሰምቻለሁ፣ ቤዙ አንድ ቦታ ላይ አልመጣ ብሎ። ማታ ሲመታው ደስ ያለኝ ደስታ!

ሁለተኛው በነጻ ልግባ ማለት ነው። "በረኛው የአክስቴ ልጅ ነው"፣ "እኔ እኮ ፖስተሩን ሼር አድርጌላችኋለሁ" ምናምን። እንበል 120 ሰው በ300 ብር ገባ፣ 36,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የአዳራሽ፣ የሳውንድ ኪራይ፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር ያመጣቸው መኪና ነዳጅ፣ የሰባት ሰው አልጋና ራት ቀንሱ። የቀረውን ለሰባት አካፍሉት። በቃ ሂሳቡን እናንተው ጨርሱት፣ እኔ ሳሰላው አፍሬ ነው የተውኩት።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ፣ የት ነው ምትቆሙት ወይ ምትቀመጡት። ሁሉም ሰው ወደ ፊት ይሮጣል። እኔም ሮጬ ነበር፣ ድራሙ ፊት ለፊት፣ እና ሌሊቱን ሙሉ ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ሲዘጋ እንጂ ምን እንደሚል አንድ ቃል አልሰማሁም። ለምን መሰላችሁ፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ ድራም ማይክ ባይደረግለትም ራሱ ይጮሃል፣ ጊታሩም ከጀርባው ካለው አምፕ (የራሱ ድምፅ ማጉያ) በቀጥታ ይመጣል፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን ሚወጣው ግራና ቀኝ ከተሰቀሉት ስፒከሮች ብቻ ነው፣ እና እናንተ ከስፒከሮቹ መስመር አልፋችሁ መድረኩ ስር ከቆማችሁ የዘፋኙ ድምፅ በላያችሁ አልፎ ይሄዳል። ስፒከሩ ፊት ተደግፎ መቆም ደግሞ የባሰ ነው፣ የሌላኛው ወገን ጠፍቶ አንድ ጆሮ ብቻ ይደበደባል። ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፋችሁ ከሆነም ቤዙ እዛ ይጠራቀምና ድምድም ብቻ ነው። ጥሩው ቦታ ሳውንድ ማኑ ሚክሰሩን (ድምፅ ማስተካከያውን) ዘርግቶ የተቀመጠበት አካባቢ ነው፣ መሃል ሆኖ ትንሽ ወደ ኋላ። ሰውየው ሚያስተካክለው ለራሱ ጆሮ ነዋ! እሱ ሚሰማውን እናንተም ትሰማላችሁ። ሚክሰሩን ጥግ በር ስር ካስቀመጡት ግን ምስኪኑም እንደናንተው ነው፣ ያኔ መሃል ሁኑ።

ሌላው ሰው ማያስተውለው፣ የኛ ሀገር አዳራሽ ወለሉ ሴራሚክ ግድግዳው መስታወት ነው፣ ድምፁ እየነጠረ ያስተጋባል። ሰው ሲሞላ ይሻላል ምክንያቱም ሰውነትና ልብስ ድምፅ ይመጥጣል። ኮትና ጋቢ ደርቦ የመጣ የደሴ ሰው ከመጋረጃ አያንስም ወላሂ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ "ሳውንዱ አይረባም" ብላችሁ አትውጡ፣ ሰው ይግባ።

ጆሮ ላይ ልቆይ ትንሽ። ከሾው በኋላ ጆሯችሁ ጭው ሲል "ፓ ምን አይነት ምሽት ነበር" ትላላችሁ አይደል፣ ጭው ማለቱ ተጎዳሁ እያላችሁ ነው። ባለሙያዎች ሚሉት ሂሳብ ይሄ ነው፣ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል፣ ከዛ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2 ሰዓት፣ እንዲህ እያለ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ድራምና ስፒከር ሲገናኙ 100 መድረስ ከባድ አይደለም። ሶፍት ጠቅልሎ ጆሮ ውስጥ መክተት እዚህ ግባ ሚባል ጥቅም የለውም፣ ሞክሬዋለሁ፣ አንዱ ውስጥ ቀርቶብኝ በወረንጦ ነው የወጣው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሚሰራ ጓደኛ አለኝ፣ ማሽን ላይ ሲሆኑ ሚያደርጉትን የስፖንጅ መድፈኛ ሰጠኝ፣ አደራረጉንም አሳየኝ፦ በሁለት ጣት እያሽከረከራችሁ ታቀጥኑታላችሁ፣ ሌላኛውን እጃችሁን በጭንቅላታችሁ ላይ አዙራችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይ ሳብ ታደርጋላችሁ፣ ትከቱታላችሁ፣ ከዛ እስኪያብጥ 30 ሴኮንድ ያህል በጣት ይዞ መቆየት። ሰው ምን ሆኖ ነው ብሎ ያያችኋል፣ ይይ። ዘፈኑ ይሰማል፣ እንደውም ግጥሙ ይጠራል፣ ጭው ሚለው ግን አይመጣም።

ስልክ። ሙሉ ሾው ቀርፃችሁ ስታበቁ ቤት ገብታችሁ ክፈቱት፣ ምን ይሰማል? ጭርርር። የስልክ ማይክ ለወሬ ነው የተሰራው፣ ድምፁ ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ሶስት ሜትር ላይ ያለው ጊታሪስት ደግሞ ፍላሽ አይኑ ላይ ሲበራበት ጣቱን አያይም። አንድ ዘፈን፣ ሰላሳ ሴኮንድ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከዛ ኪስ።

አሁን ወደ ብር መለጠፍ። ይሄን ስጽፍ እናቴ እንዳታነበው፣ እሷ የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድንን ያየች ሰው ናት፣ ያልሸለመ ሰው ዘፈን ሰማ አትልም። አዝማሪ ቤት ሲሆን ልክ ናት፣ እዛ መሸለምም፣ ተቀበል ብሎ ግጥም መስጠትም የጨዋታው ግማሽ ነው። ባንድ ግን ሌላ ነው። አንድ ምሽት ሞቅ ያለው ሰውዬ ጊታሪስቱ ሶሎ ላይ እያለ ወጣና ግንባሩ ላይ መቶ ብር ለጠፈበት፣ ብሩ ወርዶ አይኑ ላይ ተንጠለጠለ፣ ልጁ እራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ ሰውየው ደግሞ ሊያስተካክልለት ብሎ ተጠጋና ገመዱን ረገጠው። ቆፍ። ጊታሩ ጠፋ። ድራመሩ ብቻውን እየመታ እኛን ያየናል፣ እኛ እሱን እናየዋለን። መሸለም ካማራችሁ ዘፈኑ ሲያልቅ መድረኩ ጫፍ ላይ አስቀምጡ፣ ወይ ቴሌብር ቁጥራቸውን ጠይቁ፣ አያፍሩም።

የዚሁ ወንድም "አምባሰል! አምባሰል ልቀቁብን!" እያሉ መጮህ ነው። ይሄኛው እኔ ነኝ። ከአራቱ የሙዚቃችን ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የኛው ሀገር ስም ነው፣ ማሪቱ ለገሰን እየሰማን ነው ያደግነው፣ ስለዚህ ወሎ መጥቶ አምባሰል ያልተጫወተ ባንድ ያለ አይመስለንም፣ እሺ። ግን ያን ቀን ባንዱ ውስጥ ክራር ነበር። ክራር ስድስት ክር ነው ያለው፣ ክሮቹ ሚቃኙት ለአንድ ቅኝት ነው፣ ከትዝታ ወደ አምባሰል ሂድ ስትሉት ኪቦርዲስቱ ጣቱን ነው ሚቀይረው፣ ክራሪስቱ ግን ቁጭ ብሎ ክሮቹን እንደገና ማጥበቅና ማላላት አለበት። እኔ ስጮህ ሌላውም ጮኸ፣ ልጁ ፈገግ ብሎ ጎንበስ አለና መቃኘት ጀመረ፣ አዳራሹ ፀጥ፣ ትንግ ትንግ ትንግ፣ አንዱ ያስላል፣ የሞቀው ቤት ሁለት ሶስት ደቂቃ ባልሞላ ውስጥ ቀዘቀዘ። በኋላ ሳውንድ ማኑ ሲነግረኝ አምባሰሉን መጨረሻ ላይ አድርገውት ነበር ለካ፣ ሁለተኛ ክራር ተቃኝቶ ጥግ ላይ ቆሟል። እኔ ነኝ ያስቸኮልኩት።

ከሾው በኋላ ሄዶ ማናገር ይቻላል፣ እቃ እየጠቀለሉ እያለ ግን ሰልፊ ብላችሁ አትጎትቷቸው፣ ገመድ ብትጠቀልሉላቸው ደግሞ ራሳቸው ናቸው ፎቶ እንነሳ ሚሉት።

የመጨረሻው አለባበስና መመለሻ ነው፣ እሱን ሳነሳ ኮምቦልቻ ያየሁትን፣ ይቅርታ ያላየሁትን፣ ልንገራችሁ። የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ሲወርድ ሙቀቱን አይቶ ይሞኛል። ከደሴ በ600 ሜትር ምናምን ዝቅ ያለች ናት፣ እኔም ለአንድ ሾው በቲሸርት ወረድኩ። ርቀቱ 25 ኪሎሜትር አይሞላም፣ ግን ሚኒባሱ በጊዜ ነው ሚቆመው፣ ከዛ በኋላ ያላችሁ ወይ ኮንትራት ወይ አላህ ያመጣው። መመለሻዬን አላሰብኩበትም ነበር። ሾው ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ቢጎተት ቢጎተት እምቢ አለ። ሰው ማጉረምረም፣ ቲኬቱ ይመለስ ማለት ጀመረ፣ እኔም ጓደኛዬን "በቃ አልቋል፣ መኪና ሳይጠፋ ልውጣ" ብዬው ወጣሁ። አንድ አይሱዙ ለመነሳት ሞተር አስነስቶ ነበር፣ ጋቢናው ሙሉ ነው፣ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣሁ፣ በቲሸርት። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ መጣ፣ ወላሂ ጥርሴ ሲጋጭ ለራሴ ይሰማኝ ነበር፣ ከሸራው ስር ገብቼ ሽንኩርት ጆንያ አቅፌ ነው ደሴ የደረስኩት።

ጠዋት ጓደኛዬ ደወለ። "የት ነው የሄድከው አንተ?" አለኝ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ቤቱ ግማሹ ባዶ ሆነ፣ የቀሩት ወንበራቸውን ወደ መሃል ሳቡ፣ ዘፋኙ ከመድረክ ወርዶ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ሳክስፎኑ ያለ ማይክ፣ ድራመሩ አንድ ከበሮ ጉልበቱ መሃል ይዞ፣ ክራሩም ሻማ አጠገብ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ተጫወቱ አለኝ። አምባሰልንም። እና ስልክ አታውጡ ሚለው ይሄው ጸሐፊያችሁ "ቀርፀሃል? ቀርፀሃል በለኝ!" ብሎ ጮኸበት። አርባ ሴኮንድ ላከልኝ። ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም፣ ጭብጨባ አለ፣ ሳክስፎኑ አለ፣ አንዲት ሴት ቀስ ብላ "ዝም በሉማ" ስትል ይሰማል።