ኤስፕሬሶው ቤት ውስጥ አልጥም ሲል ሲኒውን እንፈትሽ

ደሴ ላይ ቤቱ ኤስፕሬሶ የሚያፈላ ሰው ቡናው ሳይጥመው ሲቀር መጀመሪያ ማሽኑን ይወቅሳል፤ ቀጥሎ ቡናውን። ሲኒውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። እኔ ከሲኒው ጀምሩ ባይ ነኝ።

ሁለቴ ፉት ሳይሉለት ይቀዘቅዛል

የእኛ ከተማ ዋናው ችግር ይሄ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጦሳ ተራራ ሥር መደርደሪያ ላይ ያደረ ሲኒ ጠዋት ሲይዙት እጅ ያቀዘቅዛል። አንድ ኤስፕሬሶ ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ወፍራም የፖርሴሊን (ፍንጃል የሚሠራበት ልሙጥ ሸክላ) ሲኒ ከቡናው ብዙ እጥፍ ስለሚከብድ፣ ካልሞቀ የቡናውን ሙቀት ራሱ ይወስደዋል። ስስ ብርጭቆ መጀመሪያ ላይ ብዙ ሙቀት አይወስድም፤ ግን አያቆይም፣ ጣትም ያቃጥላል።

ስለዚህ ወፍራሙን ፖርሴሊን ምረጡ፤ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ቡናው ከመቀዳቱ በፊት የፈላ ውሃ ሙሉበትና አንድ ደቂቃ ያህል ተዉት። የውጭው ጎን ሞቅ ሲል ድፉትና በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ኮምቦልቻ ወረድ ስለሚልና ስለሚሞቅ እዚያ ችግሩ ይቀላል፤ ማሞቁ ግን እዚያም ይጠቅማል።

አረፋው ወዲያው ይጠፋል

ሰፊና ጠፍጣፋ ሲኒ ላይ አረፋው ተዘርግቶ ይሳሳል። ታቹ ክብ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ሳሙናውንም በደንብ አለቅልቁ። ይህን አድርጋችሁ አረፋ ከሌለ ቡናው ከተቆላ ቆይቶ ይሆናል። በሞካ፣ ማለትም ምድጃ ላይ በሚጣደው የብረት ማፍያ፣ የምታፈሉ ደግሞ የማሽኑን ዓይነት አረፋ አትጠብቁ፤ የሞካ ግፊት አነስተኛ ነው።

ሌላ ሽታ አለው

ፕላስቲክና ያልተለበጠ ሸክላ ሽታ ይይዛሉ። ትናንት ጤና አዳም የገባበት ቡና ተጠጥቶበት ከሆነ ዛሬም ይሸታል። ፖርሴሊን ላዩ ድፍን ስለሆነ የቡናውን ቅባት አይመጥም። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካያችሁ ግን ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ቀይሩት።

ከንፈር ያቃጥላል

ብረት ነው። ለመንገድ ይሁን እንጂ ለቤት አልመክረውም።

ድርብ ግድግዳ ያለው ብርጭቆም ሙቀት ያቆያል፣ የቡናውንም መልክ ያሳያል። ሲታጠብ ግን በቀላሉ ስለሚሰበር ልጆች ባሉበት ቤት አልደፍረውም።

አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ረከቦቱ ላይ ያለውን ፍንጃል ሞክሩት። ስስ ቢሆንም ፖርሴሊን ነው፤ በፈላ ውሃ አሙቃችሁት ቶሎ ከጠጣችሁበት ጥሩ ይሠራል። ገበያ ከወጣችሁም ሲኒውን በጥፍር መታ መታ አድርጉት። ድምፁ ጥርት ካለ ውሰዱት፤ ከደነዘዘ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላልና መልሱት።