የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ሲመረጥ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ከሁሉ የሚያናድደኝ ስህተት ተጫዋችን በማሟሟቂያው መመዘን ነው። ሁለት ልጆች ፎርሃንድ ለፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል በሚመታ ምት) ሠላሳ ኳስ ሳያቋርጡ ሲቀባበሉ ያየ አሠልጣኝ «ይህ ልጅ በስሏል» ብሎ ስሙን ይመዘግባል። ለመሆኑ የበሰለው ምኑ ነው? ኳሷ የምታርፍበትን ቦታ ያውቃል፣ ፍጥነቷን ያውቃል፣ የሚያሳስት ሽክርክሪትም የላትም። ውድድር ግን የሚጀምረው በሰርቭ፣ ማለትም እያንዳንዱን ነጥብ በሚከፍተው ምት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ጨዋታው ከ21 ወደ 11 ነጥብ ካጠረና ሰርቭ በየሁለት ነጥቡ መቀያየር ከጀመረ ወዲህ፣ 11 ለ 9 በሚያልቅ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች 10 ጊዜ ሰርቭ ይቀበላል። መቀበል የማይችል ልጅ ያን ያማረ ፎርሃንዱን ሳያሳየን ተሸንፎ ይወጣል።

ስለዚህ እኔ በአንድ ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ አንዴ ወደ ኋላ የምትሽከረከርና ስትመለስ ወደ መረቡ የምትወርድ፣ አንዴ ሽክርክሪት የሌላት ኳስ እሰድላቸዋለሁ። የመጀመሪያዋ መረብ ላይ ብትቀር ነውር የለውም፤ በሦስተኛዋ የራኬቱን ፊት ቀና አድርጎ የሚጠብቀኝን ልጅ ግን ወዲያው እመዘግባለሁ።

ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ከዓመታት በፊት ከደሴ ኮምቦልቻ ለምርጫ ወርጄ ሳለ፣ ተሸናፊ በሚከፍልበት የሰፈር ጠረጴዛ ላይ ጨዋታ የለመደች አንዲት ልጅ ራኬቱን እንደ ማማሰያ ብትይዝብኝ ጥቂት እንኳ ሳላጫውት አሰናበትኳት። በዚያው ዓመት በሌላ ቡድን ተሰልፋ ከመረጥኳቸው ሦስት ልጆች ሁለቱን አሸነፈች፤ የሰደዱላትን ሰርቭ ሁሉ እግራቸው ሥር መለሰችላቸው።

በደጅ ጠረጴዛ ላይ በተገኘ የአንድ ቀን ውጤት መፍረድም አይገባም፤ 2.7 ግራም የምትመዝን ኳስን ከጦሳ ተራራ የሚወርድ ነፋስ እንዳሻው ያደርጋታል። ቁመትም ያታልላል፦ ጠረጴዛው 76 ሴንቲሜትር ስለሆነ ዛሬ ደረቱ ላይ የሚደርስበት ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ተጫዋች ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ራኬቱን ነው። ላስቲኩ ተልጦ እንደ መስታወት የለሰለሰ ራኬት የያዘ ልጅ ኳሷን ማሽከርከር ቢያቅተው «ስፒን (ማሽከርከር) አያውቅም» ተብሎ ይጻፍበታል። እኔ አሁን ሁለት አንድ ዓይነት ራኬቶች በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ፤ ለምርጫ የመጣ ልጅ ሁሉ፣ የራሱን ውድ ራኬት ይዞ የመጣውም ጭምር፣ በእነርሱ ይጫወታል።